ከቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ፊት ፍርሃትን መቆጣጠር፦ ከጥሪው ስልክ እስከ ማግሥቱ

የጽሑፍ ፈተናውን አልፈው ቃለ መጠይቁ ላይ የሚወድቁ ብዙ ሥራ ፈላጊዎች የሚጎድላቸው ዕውቀት አይደለም። መልሱን ያውቁታል፤ ከክፍሉ ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ ሙሉው መልስ አንድም ሳይጎድል ይመጣላቸዋል። ችግሩ የተዘጋጁበት መንገድ ነው። ለቀናት በዝምታ አንብበዋል፣ በልባቸው አሰላስለዋል፣ ከቴሌግራም ያወረዱትን የጥያቄና መልስ ስብስብ ሸምድደዋል፤ ነገር ግን መልሱን አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ አውጥተው አልተናገሩትም። ስለዚህ መልሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፋቸው የሚወጣው የማያውቋቸው ሰዎች የነጥብ መስጫ ቅጽ ይዘው በሚያዩዋቸው ሰዓት ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባንኮች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በትልልቅ ድርጅቶች ለተለመደው፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ለሚያካሂደው መደበኛ ቃለ መጠይቅ ነው። ፍርሃትን ከሥሩ ለመንቀል አይሞክርም። ልብ መምታቱ አይቀርም፤ የሚፈለገው ልብ እየመታም አንደበት እንዳይታሰር ማድረግ ነው። ቢቻል አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ። የቀረዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ደረጃ 1ን፣ በደረጃ 3 ያለውን የመግቢያ ንግግር፣ ደረጃ 4ን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደረጃ 6ን ይሥሩ፤ ሌላውን ይተዉት።

ደረጃ 1፦ ጥሪው እንደደረሰ ያልታወቀውን ይቀንሱ

የጥሪው ስልክ ሲደወል ደስታ ይቀድምና ብዙ ሰው «እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ቀጣዮቹ ቀናትም በግምትና በጭንቀት ያልቃሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና የሚከተሉትን ይጠይቁ። አንዱን ከረሱ መልሰው ይደውሉ፤ መልሶ በመደወሉ ነጥብ የተቀነሰበት ሰው የለም።

1.1 ቀኑን ያረጋግጡ። «በ12 ነው» ከተባሉ የትኛው ወር፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ አብረው ይጠይቁ። የቀኑ ስም ከታወቀ የአቆጣጠር ስህተት ወዲያውኑ ይጋለጣል።

1.2 ሰዓቱን ያረጋግጡ። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ላይ ጠዋት 9:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት ነው፤ በስልክ የሚደውልልዎት ሰው በአማርኛ «ዘጠኝ ሰዓት» ካለዎት ግን ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው። ጥሪው በሁለቱም መንገድ ከደረሰዎት አያወዳድሩ፤ ደውለው «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው አይደል?» ብለው ይጠይቁ።

1.3 ቦታውን ያረጋግጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ቅርንጫፍ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ በር ላይ ማንን ብለው እንደሚጠይቁ ይወቁ።

1.4 ቋንቋውንና ዓይነቱን ይጠይቁ። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? ንግግር ብቻ ነው ወይስ የኮምፒውተር ፈተና አብሮት አለ? ይህ አንድ ጥያቄ ዝግጅትዎን ግማሽ ያቀልልዎታል።

ከዚያ በኋላ፣ ከተቻለ፣ ቃለ መጠይቁ በሚደረግበት ሰዓት ቦታውን አንድ ቀን ሄደው ይዩት። ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ሕንጻዎች ጎን ለጎን የተደረደሩ በመሆናቸው ትክክለኛውን በር መፈለግ ብቻ ሰው ያስጨንቃል። መግቢያው የት እንደሆነ፣ ጥበቃዎቹ ምን እንደሚፈትሹና ምን እንደሚያስቀምጡ፣ ከታክሲ መውረጃው ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ አስቀድመው ካወቁ፣ በዕለቱ አእምሮዎ የሚሸከመው ነገር ይቀንሳል።

ቃለ መጠይቁ በመጨረሻው ሰዓት ቢራዘም ልምምድዎን አያቁሙ፤ በተጨመረው ጊዜም አዲስ ነገር ማንበብ አይጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ሰነዶቹን በቅደም ተከተል ያኑሩ

«ኦሪጅናሉን ማየት እንችላለን?» ሲባሉ ቦርሳ ውስጥ መፈለግ ከጀመሩ፣ እጅ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በአንድ ክላሰር ውስጥ መታወቂያዎን፣ ዲግሪዎን ወይም ቴምፖውን፣ ስቱደንት ኮፒውን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን፣ ያስገቡትን ሲቪና የሥራ ማስታወቂያውን ቅጂ በዚሁ ተራ ያስቀምጡ። ኦሪጅናሎቹ ከፊት፣ ፎቶ ኮፒዎቹ ከኋላ ይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሲቪዎ ላይ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በማስረጃዎችዎ ላይ ያሉት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆኑ ይችላሉ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በሲቪው ላይ 2023 ጽፎ፣ ጠያቂው «መቼ ተመረቁ?» ሲለው በጭንቅላቱ ሲያሰላ ይንተባተባል፤ የተንተባተበ ዓመት ደግሞ የውሸት ዓመት ይመስላል። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ያስታውሱ፤ የተመረቁበትን፣ የተቀጠሩበትንና የለቀቁበትን ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው በቃልዎ ይያዙ።

ደረጃ 3፦ የሚነገር መልስ ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። መልሱን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መሸምደድ የመዘጋጀት ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የተሸመደደ መልስ አንድ ቃል ሲጠፋው ተከትሎት ያለው ሁሉ ይጠፋል። በተጨማሪም ከኢንተርኔት የተገለበጡትን መልሶች ጠያቂዎቹ ከእርስዎ በፊት ከገቡት ተወዳዳሪዎች ሰምተዋቸዋል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሮቹን ሳይሆን አጥንቱን ብቻ ይጻፉ። ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

3.1 የመግቢያ ንግግር

«እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁን» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፍርሃቱ ከፍተኛ የሚሆነውም በዚያው ሰዓት ነው። ለዚህ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ ንግግር ያዘጋጁ፦ ማን እንደሆኑና ምን እንደተማሩ፣ አሁን ወይም በቅርቡ ምን እንደሠሩ፣ ከሠሩት አንድ ውጤት፣ ይህን የሥራ መደብ ለምን እንደፈለጉ። የትውልድ ቦታ፣ የወንድምና የእህት ብዛት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ግን ቃል በቃል ይያዙት። ለምሳሌ፦ «እገሌ እባላለሁ፤ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ የክፍያ ሰነዶችን ሳዘጋጅና የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ስሠራ ቆይቻለሁ።» አእምሮ በተረበሸበት በዚያ ቅጽበት አፍ ሳያስብ የሚያወጣው አንድ ዐረፍተ ነገር ካለው፣ ሁለተኛው ራሱ ይከተላል።

3.2 አምስት ታሪኮች

ከሥራ ወይም ከትምህርት ሕይወትዎ አምስት እውነተኛ ገጠመኞች ይምረጡ፦ አንድ ስህተት ያገኙበትና ያረሙበት፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ያልተግባቡበት፣ ጊዜ አጥሮዎት የጨረሱት ሥራ፣ በፍጥነት የተማሩት አዲስ ነገር፣ የተቆጣ ደንበኛ ወይም ባለጉዳይ ያስተናገዱበት። እያንዳንዱን በአራት አጭር መስመሮች ያስቀምጡ፦ ሁኔታው፣ የእርስዎ ድርሻ፣ ያደረጉት፣ ውጤቱ። ለቦታው አዲስ ከሆኑና የሥራ ልምድ ከሌለዎት የመመረቂያ ጥናትዎ፣ የተግባር ልምምድ ጊዜዎና የቡድን ሥራዎች በቂ ታሪክ ይሰጣሉ። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቢለያዩም አብዛኞቹ ከአምስቱ በአንዱ ሊመለሱ ይችላሉ፤ በፍርሃት ሰዓት ደግሞ አዲስ ሐሳብ ከማፍለቅ የኖሩትን መተረክ ይቀላል።

3.3 ስለ ራስ መናገር

ስለ ራስ ማውራት መኩራራት እንደሆነ ሰምቶ ያደገ ሰው፣ ኮሚቴው «ለምን እርስዎን እንቅጠር?» ሲለው አንገቱን ይደፋል፤ ወይም ያላመነበትን «ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ» የሚል ዝርዝር ይወረውራል። ሁለቱም ነጥብ አያስገኙም። መውጫው ቅጽል ትቶ ድርጊት መናገር ነው። «በወር መዝጊያ ሳምንት ሪፖርቱን ከቀኑ አሳልፌ አላውቅም» ያለ ሰው አልተኩራራም፤ የሆነውን ተናገረ። «እኛ ሠራን» ማለትም ትሕትና ይመስላል፤ ሆኖም ኮሚቴው የሚቀጥረው ቡድኑን ስላልሆነ፣ የቡድኑን ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገልጸው «በዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ…» ብለው ይቀጥሉ።

3.4 የደመወዝ ጥያቄ

ድርጅቱ የታወቀ የደመወዝ ስኬል ካለው «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ማለት ይበቃል። ከሌለው የሚጠይቁትንና ከዚያ በታች የማይወርዱበትን ሁለት ቁጥሮች አስቀድመው ይወስኑ። ያልተወሰነ ቁጥር መጨረሻ ላይ ድምፅን ይሰብራል።

ደረጃ 4፦ ድምፅ አውጥተው ይለማመዱ

4.1 ለብቻ። በሩን ዘግተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የመግቢያ ንግግሩንና አምስቱን ታሪኮች በሙሉ ድምፅ ይናገሩ። በሹክሹክታ የተደረገ ልምምድ አይቆጠርም። በስልክዎ ይቅዱትና ሲያዳምጡ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ ፈጥነዋል ወይ? የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይዋጣል ወይ? «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «እእእ» ምን ያህል ይደጋገማሉ? የድምፅዎ ቃና ካላስደሰተዎት ይተዉት፤ የራሱን ቅጂ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው።

4.2 የቤት ኮሚቴ። ሦስት ሰዎችን በጠረጴዛ አንድ ወገን አስቀምጠው እርስዎ በሌላው ወገን ይቀመጡ። ከሦስቱ አንዱ የሚያከብሩትና ፊቱ ለመናገር የሚያፍሩት ታላቅ ሰው ይሁን፤ አጎት፣ የቀድሞ መምህር ወይም የሠፈር ሽማግሌ። ከእኩዮች ጋር ብቻ የተለማመደ ሰው በቃለ መጠይቁ ክፍል የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ በታላላቆች ፊት አፍ የሚያስይዘው ይሉኝታ። አንዱ ጨርሶ ፈገግ እንዳይል፣ ሌላው መሃል ላይ እንዲያቋርጥዎት፣ ሦስተኛው ስልኩን እንዲያይ ያድርጉ፤ ሦስቱም ነገሮች በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ይገጥማሉ።

4.3 በእንግሊዝኛ ከሆነ። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ከሙያዎ ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ከዚያ አምስቱን ታሪኮች በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ይተርኩ። አምሮ የሚሰማ ግን አፍዎ ያልለመደው ሐረግ ከሌላ ሰው አይዋሱ፤ ከባዱ ቃል ሲጠፋ ቀላሉንም ይዞት ይሄዳል።

ልምምዱ ሲበላሽ፦ መሃል ላይ ቢጠፋብዎት ከመጀመሪያው አይጀምሩ። ካቆሙበት ይቀጥሉ፤ ምንም ያህል ቢያፍሩ እስከ መጨረሻው ይድረሱ። በእያንዳንዱ ስህተት ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ለቀናት የሚለማመደው መጀመርን ብቻ ነው፤ ኮሚቴው ፊት የሚያስፈልገው ግን ከተሰናከሉ በኋላ መቀጠል ነው። ቤተሰቡ ቢስቅ አይቆጡ፤ የሚስቅ ሰው ፊት መጨረስም ልምምድ ነው። ሰው ካጡ ሁለት ጓደኞችዎ በቪዲዮ ጥሪ ይጠይቁዎት።

ደረጃ 5፦ ዋዜማውና ጠዋቱ

ከዋዜማው ምሽት 2:00 ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አያንብቡ። ልብሱን ተኩሰው ይስቀሉ፣ ጫማውን ይጥረጉ፣ ክላሰሩን በር አጠገብ ያስቀምጡ። እንቅልፍ እምቢ ቢል አይደናገጡ፤ አንድ ሌሊት በደንብ ያልተኛ ሰውም የተለማመደውን መናገር ይችላል፤ የሚጎዳው «አልተኛሁምና አበቃልኝ» የሚለው ሐሳብ ነው።

ቡናን በተመለከተ የተለመደውን ይጠጡ፤ አይጨምሩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ስለሚበረታ፣ መግቢያዎ ላይ የተጠጣ ሁለተኛ ስኒ የልብ ምቱንና የእጅ መንቀጥቀጡን ይጨምረዋል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጨርሶ ቢተወውም ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ጫት፣ መጠጥና «ያረጋጋል» ተብሎ ከጓደኛ የተሰጠ ክኒን ግን በምንም ምክንያት አይሞከሩ። ጾመኛ ከሆኑና የሰዓት ምርጫ ከተሰጠዎት የጠዋቱን ይምረጡ፤ የአፍ መድረቁና ድካሙ ከሰዓት በኋላ ይብሳል።

ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ሲያሰሉ የታክሲ ሰልፉን፣ ክረምት ከሆነም ዝናቡን ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ቀድመው ለመድረስ ያቅዱ። መንገድ ቢዘጋና የሚዘገዩ ከመሰለዎት የቀጠሮው ሰዓት ከማለፉ በፊት ይደውሉ፤ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል።

ደረጃ 6፦ መቆያው ክፍል ውስጥ

6.1 ትንፋሽዎን ያርዝሙ። በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ከንፈርዎን ጥቂት ከፍተው እስከ 6 ወይም 8 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ይህን 10 ጊዜ ይድገሙት። አየር በሚወጣበት ጊዜ የልብ ምት በተፈጥሮው ስለሚዘገም፣ ሥራውን የሚሠራው ረጅሙ ማስወጣት ነው። ማስጠንቀቂያ፦ «በደንብ ተንፍስ» የሚለውን ምክር ሰምተው በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግመው አየር አይሳቡ፤ ያ ያዞራል፣ ጣትንም ያደነዝዛል። ማዞር ከጀመረ ቆጠራውን ይተዉና በተለመደው መንገድ ይተንፍሱ።

6.2 ራስዎን «ተረጋጋ» ብለው አያስጨንቁ። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግርና ከሒሳብ ፈተና በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ የተደረጉ ሰዎች፣ ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ሠርተዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ በጉጉትም ሆነ በፍርሃት ልብ የሚመታው በፍጥነት ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ሰውነትን በግድ ዝም ከማሰኘት ይቀላል።

6.3 ለመጠበቅ ይዘጋጁ። ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት ተጠርቶ 5:30 ላይ መግባት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ተወጥረው አይቀመጡ፤ የወንበሩ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲጠራ ደክሞታል። ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፣ ውኃ በጥቂቱ ይጠጡ። የትንፋሽ ልምምዱን ከእርስዎ በፊት ያለው ሰው ሲጠራ እንደገና ይጀምሩት።

6.4 ከክፍሉ የሚወጡትን «ምን ጠየቁህ?» ብለው አያሳድዱ። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሚሆን ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ የማያውቁትን ለመማር ሲሯሯጡ የተለማመዱትን ይረሱታል። ሳይጠይቁ ከነገሩዎት ይስሙ፤ ስልክ አውጥተው ማንበብ ግን አይጀምሩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

1. በሩን አንኳኩተው ይግቡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ሰላም ይበሉ። እጅ ለመጨበጥ ጠረጴዛውን አይዙሩ፤ ከዘረጉልዎት ይጨብጡ። ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጡ።

2. ቦርሳውን ወለል ላይ፣ ክላሰሩን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይንኩ፤ እጆችዎን አንዱን በአንዱ ላይ ያሳርፉ። እስክሪብቶ አይያዙ፤ የፈራ እጅ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ይጀምራል።

3. ጥያቄው ሲያልቅ ወዲያው አይመልሱ። አንድ ትንፋሽ ያስወጡ፤ ከዚያ የያዙትን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ለእርስዎ «ዘገየ» በሚያስብል ፍጥነት ይናገሩ። ድምፅዎን ከሁሉም ርቆ ለተቀመጠው ሰው ይላኩት፤ ብዙ ጊዜ እሱ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ነውና የሚሰማውን ነው የሚጽፈው።

4. ዓይንን ዝቅ ማድረግ በእኛ ዘንድ አክብሮት ቢሆንም ኮሚቴው በራስ አለመተማመን አድርጎ ሊቆጥርብዎት ይችላል። መልሱን ሲጀምሩና ሲጨርሱ ጠያቂውን ይዩ፤ በመሃሉ ዓይንዎን ወደ ሌሎቹ ያዙሩ። ዓይን ለዓይን መተያየት ከከበደዎት በቅንድቦቹ መካከል ያለውን ቦታ ይመልከቱ፤ ልዩነቱ አይታወቅም።

ደረጃ 8፦ መሃል ላይ ሲበላሽ

እጅ ሲንቀጠቀጥ። ወረቀትና ብርጭቆ በእጅዎ አይያዙ፤ መንቀጥቀጡን የሚያጎሉት እነሱ ናቸው። ደግሞም ውስጥዎ የሚሆነው ሁሉ ለሌሎች አይታይም። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የውስጥ ስሜታቸው ለሚያዩአቸው ምን ያህል እንደሚገለጥ አጋንነው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ተከታይ ጥናትም ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ተናጋሪዎች የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ስለዚህ «ይቅርታ፣ ፈርቻለሁ» ብለው ያልታየውን አያሳዩ።

መልሱ ድንገት ሲጠፋ። ይቁሙ። «ለአፍታ ላስብበት» ይበሉ። ጥያቄውን በራስዎ ቃላት መልሰው ይናገሩት፤ ይህ አእምሮን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ ከአምስቱ ታሪኮች የሚቀርበውን መርጠው «አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሁኔታ ገጥሞኝ ነበር» ብለው ከሁኔታው ይጀምሩ። ለእርስዎ እጅግ የረዘመው ዝምታ ለእነሱ ጥቂት ሰከንድ ነው። አሁንም ካልመጣ «ከተፈቀደልኝ ወደዚህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ብመለስ» ይበሉ፤ ይህን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠቀሙበት።

ጥያቄው ሳይገባዎት ሲቀር። «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ቢደግሙልኝ» ይበሉ። ባልገባ ጥያቄ ላይ ረጅም መልስ መስጠት ከሁሉ የከፋ ነው።

የማያውቁት ሲጠየቁ። አይፍጠሩ። «ይህን መመሪያ በዝርዝር አላየሁትም» ካሉ በኋላ የሚቀርበውንና የሚያውቁትን ይናገሩ፣ ቀጥሎም ሥራው ላይ ቢገጥምዎት ከየት እንደሚያረጋግጡ ይጨምሩ።

የተሳሳተ መልስ እንደሰጡ ሲገነዘቡ። «ቅድም ያልኩትን ላርም» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያርሙና ይለፉ። ያላረሙት ስህተት እስከ መጨረሻው ሐሳብዎን ይዞት ይቆያል።

እንግሊዝኛው ሲያልቅብዎት። በቀላል ቃል ዞረው ይግለጹት። ካልሆነ አንድ ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ያንን ነጥብ በአማርኛ ይጨርሱ፣ ከዚያ ይመለሱ። በየዐረፍተ ነገሩ መሃል ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም የማይችሉ ያስመስላል። የሥራ መደቡ እንግሊዝኛን በግልጽ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሰባራም ቢሆን በእንግሊዝኛ ይቀጥሉ።

ጠያቂው ሲያፋጥጥ። አንዳንዱ የኮሚቴ አባል ፊቱን ቋጥሮ «ይሄ እኮ ስህተት ነው» ይላል። ይህ አንዳንዴ ፈተና፣ አንዳንዴ ጠባይ፣ አንዳንዴም የደከመ ሰው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አይሞክሩ። መልስ የሚሰጡት ለጥያቄው ነው፣ ለፊቱ አይደለም። «የሚሉት ይገባኛል፤ እኔ ይህን የመረጥኩበት ምክንያት ግን…» ይበሉ፤ አንድ ጊዜ ካስረዱ በኋላ አይከራከሩ፣ ያመኑበትንም በፍርሃት አይቀይሩ።

ከሥራው ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ሲመጣ። በተለይ ሴት ተወዳዳሪዎች «አግብተሻል? ልጅ ለመውለድ አስበሻል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጥያቄው ተገቢ አይደለም፤ ድንጋጤውም ቀጣዮቹን መልሶች ያበላሻል። ስለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር አስቀድመሽ አዘጋጂ፦ «የግል ሕይወቴ ለሥራው ሰዓትና ኃላፊነት እንቅፋት አይሆንም።» ከዚያ ዝም በይ፤ ቀጣዩን ጥያቄ ማምጣት የእነሱ ሥራ ነው።

ደረጃ 9፦ ከወጡ በኋላ

በዚያው ቀን የተጠየቁትን ጥያቄዎች በሙሉ ይጻፉ፤ ያቃተዎት ላይ ምልክት ያድርጉ። ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ ስብስብ አያገኙም። ጽፈው ሲጨርሱ ደብተሩን ይዝጉት፤ እያንዳንዱን መልስ ከጓደኛ ጋር መልሶ መላልሶ መመርመር ውጤቱን አይቀይርም፤ የሚቀጥለውን ፍርሃት ግን ያሳድጋል። ውጤት መቼ እንደሚገለጽ ክፍሉ ውስጥ ካልጠየቁ የሰው ሀብት ክፍሉን ደውለው ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ሠርተውም ፍርሃቱ ቀጠሮውን እስከ መቅረት የሚያደርስዎት፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርዎት ወይም ለሳምንታት እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ፣ ጉዳዩ የልምምድ ብቻ አይደለምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ያማክሩ። አንዳንድ ሰዎች ለእንዲህ ያለ ቀን የሚወስዱት ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት የልብ ምትን የሚቀንስ ሲሆን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ዲያዚፓም ደግሞ አእምሮን ያዘገያል፣ ልማድም ይሆናል። ሁለቱንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። ወደ ሐኪሙ ሲሄዱም ፍርሃቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከቃለ መጠይቅ ሌላ በየት በየት እንደሚመጣና በእሱ ምክንያት ምን ምን እንደቀረብዎት በወረቀት ጽፈው ይያዙ።